ከልጃችሁ ኬጂ ጋር እንዴት ትግባባላችሁ? ለድሬ ወላጆች

ልጃችሁን ኬጂ ስታስገቡ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የአራት ዓመት ልጅ ቤት የሆነውን ለሚስ፣ ክፍል የሆነውን ለእናቱ አስተካክሎ መንገር አይችልም። ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢነጫነጭ፣ ሚስ "ዛሬ ምን ነካው?" ትላለች እንጂ እንቅልፍ እንዳጣ አታውቅም። ጓደኛው ገፍቶት ወድቆ ውሎ ቤት ሲገባ ምሳ አልበላም ካለ ደግሞ እናንተ "አመሉ ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ግማሽ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። በዓመት ሁለቴ ስብሰባ መሄድ ጥሩ ነው፤ ልጁን የሚያድነው ግን በየሳምንቱ የምትለዋወጧት ትንሽ ወሬ ናት።

ድሬ ላይ ይኼ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቻችን ልጅ የምንልከው በኮንትራት ባጃጅ ነው። ባጃጁ ጠዋት ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከአዲስ ከተማ ልጆች ለቃቅሞ ያደርሳል፣ ሲለቀቁ መልሶ በየቤቱ ያወርዳል። እናት ቀፊራ ወይ ታይዋን ገበያ ሱቋ ውስጥ ናት፣ አባት ሥራ ላይ ነው፣ እንዲህ እየሆነ ወር ሙሉ የሚስን ፊት ሳታዩ ያልፋል። ሹፌሩ ጨዋና ለልጆቹ የሚጠነቀቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም "ሚስ ነገ እርሳስ ላኩ ብላለች" የሚለውን ያደርሳል እንጂ "ዛሬ ማንንም ሳያናግር ጥግ ይዞ ዋለ" የሚለውን አያደርስም፤ እሱም አልተነገረውም።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ራሳችሁ አድርሱ ወይም ራሳችሁ ውሰዱ። ቀኑን ቁረጡትና ለሹፌሩም ንገሩት፣ "ሐሙስ ሐሙስ እኔ ነኝ የምወስደው" በሉት። እናትና አባት ብትፈራረቁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አባት የሚያየው ነገር እናት ከምታየው ይለያል፣ ልጁም አባቱ ሚስን ሲያናግር ማየቱ ብቻ ደስ ይለዋል።

መቼ ነው የሚወራው

ጠዋት በር ላይ አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሚስ አንዱን ታቅፋለች፣ የአንዱን ቦርሳ ትሰቅላለች፣ ሌላው እያለቀሰ ቀሚሷን ይዟል፣ ሰልፍም ሊጀመር ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚነገራት፦ "ሌሊት አልተኛም፣ ደክሞታል" ወይም "ዛሬ አያቱ ናት የምትወስደው"። ረጅሙን ወሬ ሲለቀቁ፣ ባጃጆቹ ከሄዱ በኋላ አድርጉት። ያኔም ቢሆን ሰው ነችና ደክሟታል፣ ሙቀቱም አለ፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቋት።

"ሚስ፣ ሐሙስ ሲለቀቁ አሥር ደቂቃ አለሽ?"

"በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው፣ እንዲሁ ስለ ልጁ ላወራሽ ፈልጌ ነው።"

ያቺ "በሰላም ነው?" ከየት እንደመጣች አስቡት። ወላጅ የሚመጣው ሲቆጣ ብቻ ስለሆነ መምህራን ገና ስታዩዋቸው ይደነግጣሉ። ምንም ችግር ሳይኖር ሁለት ሦስቴ ሄዳችሁ አውርታችሁ ከሆነ፣ የእውነት ችግር የመጣ ቀን ንግግሩ በጣም ይቀላል። ይኼን ደጋግሜ ለወዳጆቼ የምለው ነው፤ ከጠብ በፊት ተዋወቁ።

ሞግዚቷን አትርሱ። ልጁን ሽንት ቤት የምትወስደው፣ ምሳ ዕቃውን የምትከፍተው፣ ሲያስታውከው የምታጥበው እሷ ናት። ሚስ ስለ ፊደሉ ትነግራችኋለች፣ ሞግዚቷ ግን ስንቴ ሽንት ቤት እንደሄደ፣ ምን እንደበላና ለማን እንዳካፈለ ታውቃለች። ሰላም በሏት፣ ስሟን ያዙት፣ እሷንም ጠይቋት። በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃ ጋሼንም እንዲሁ።

መስከረም ሳይገባ አንድ ወረቀት ጻፉ

ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ ፎርም የልደት ቀንና የስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ እሱ በቂ አይደለም። የራሳችሁን አንድ ገጽ ጻፉና ለሚስ በእጇ ስጡ።

መጀመሪያ የቤት ስሙን። ቀላል ይመስላል። ግን ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ "ቢቢ" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ስም ሲጠራ ሙሉ ስሙን ቢሰማ ዞርም አይል፣ ሚስም "አይሰማም፣ አይታዘዝም" ብላ ልታስብ ትችላለች።

ቀጥሎ ሽንት። ልጁ ሲመጣበት ምን ብሎ ነው የሚናገረው? ቀበቶ መፍታት ይችላል? ቤት ውስጥ የለመደው ፖፖ ነው ወይስ መቀመጫ፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ደግሞ የቁጢጥ ነው? ብዙ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሱሪው ላይ የሚሸናው መናገር አፍሮ ወይም ሽንት ቤቱ አስፈርቶት ነው። ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ወስዳችሁ ሽንት ቤቱን አሳዩት፣ ሞግዚቷ እዚያው ትተዋወቀው። ዩኒፎርሙም ላስቲክ ወገብ ይሁን።

ከዚያ ቋንቋ። ይኼ ለድሬና ለሐረር ልጆች ትልቅ ጉዳይ ነው። ቤት ሶማልኛ ወይ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ከአያቱ ጋር በሐረሪ የሚያወራ፣ ሰፈር ሁሉንም የሚቀላቅል ልጅ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት ክፍል ሲገባ ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው ወራት ቢወስድም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነገር ነው፣ እየሰማ ነው። ችግር የሚሆነው ሚስ ሳታውቅ ስትቀር ነው። በወረቀቱ ላይ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ጻፉላት፦ ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ እናቴ። ልጁ "ቢዮ" ወይም "ቢሻን" ሲል ውሃ እንደሆነ፣ "ሆዮ" እያለ ሲያለቅስ እናቱን እንደሆነ ትወቅ። የድሬ ልጅ የሆነች ሚስ ብዙውን ታውቀዋለች፣ ከሌላ ከተማ የመጣችዋ ግን ላታውቅ ትችላለች። አንድ ነገር ግን ለምኜ ልንገራችሁ፣ "አማርኛው እንዲፈጥንለት" ብላችሁ የቤት ቋንቋውን እንዳትተዉበት። ሚስም "ቤት አማርኛ ብቻ አውሩት" ካለቻችሁ በትህትና እምቢ በሉ። ልጅ ሁለትም ሦስትም ቋንቋ ይችላል፣ በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

ምግብን በተመለከተ በግልጽ ተነጋገሩ። ልጆች ምሳ ዕቃ ሲከፍቱ መቀማመስ አይቀርም፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የሥጋ ነገር ለእናንተ ቁም ነገር ከሆነ ለሚስና ለሞግዚቷ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ልጁ ቀምሶ ሲመጣ ከመቆጣት ይሻላል። ብዙ ወላጆች ተነጋግረው በአዘቦት ቀን ሥጋ ያልሆነ ምግብ ይልካሉ፣ እኔም ይኼን እመርጣለሁ፣ ልጆቹ ሳይሳቀቁ ይካፈላሉ። እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ የሚያሳብጠው ልጅ ካላችሁ ግን ይኼ ከምርጫ በላይ ነው፣ በትልቁ ጻፉት፣ ምሳ ዕቃው ክዳን ላይም ለጥፉት።

በረመዳን ደግሞ የቤት ሰዓት ይገለበጣል። ልጁ ባይጾምም ከአፍጥር በኋላ ቤቱ ሞቅ ስለሚል አምሽቶ ይተኛል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። "ይኼን ወር ትንሽ ይደክመዋል" ብላችሁ አንድ ቃል ብትነግሩ ሚስ ሰነፍ ነው አትለውም።

በመጨረሻም ማን እንደሚወስደው። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሹፌሩ፣ በቃ። ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ቢቻል ፎቷቸውን ስጡ። ከእነሱ ውጪ የመጣ ሰው፣ "አጎቱ ነኝ" ቢልም፣ ሳይደወልላችሁ ልጁ እንዳይሰጥ ተስማሙ። ሹፌሩ ታሞ ወንድሙን የላከ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ። ሚስ ወይም ጥበቃው ልጁን አልሰጥም ብለው አያትን በር ላይ ቢያቆሙባችሁም አትቆጡ፣ አመስግኗቸው፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት።

ሙቀትና ትኩሳት

ድሬ ላይ "ሙቀቱ ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ልጅ ሲፈዝ ሙቀቱ ነው፣ ራሴን አመመኝ ሲል ሙቀቱ ነው። ሚስም እንዲሁ ልትል ትችላለች። ስለዚህ ውሃ መያዣውን ሞልታችሁ ላኩ፣ ሲመለስ ደግሞ እዩት፣ እንደሄደ ሞልቶ ከመጣ ሚስን ጠይቁ፦ ልጆቹ ውሃ የሚጠጡበት ሰዓት አለ ወይስ ሲጠሙ ብቻ ነው? የአራት ዓመት ልጅ ጨዋታ ላይ ከሆነ ውሃ ትዝ አይለውም፣ አጠጣው የሚል ሰው ይፈልጋል።

ትኩሳት ግን ሌላ ነው። በ2011 መጨረሻ ላይ ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንዳዳረሰ ሁላችንም እናስታውሳለን፣ በ2014 ደግሞ ወባው ነበር። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳትና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ነው የምትነክሰው፣ ማለትም ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት። የምትራባውም ንጹሕ ውሃ በተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ትምህርት ቤቱም እንደ እኛ በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል። ስለዚህ ክዳኑ ይዘጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይኼን ብታነሱ ከስንት የደንብ ልብስ ክርክር ይጠቅማል።

ልጁ ካተኮሰው ደግሞ አትላኩት። ሽሮፕ አጠጥቶ መላክ የተለመደ ነው፣ እናትም ሥራ ስላለባት ነው፣ ይገባኛል። ግን መድኃኒቱ ረፋድ ላይ ኃይሉ ሲያልቅ ትኩሳቱ ክፍል ውስጥ ይነሳል፣ ሚስም ምን ሰዓት ምን እንደወሰደ ሳታውቅ ሌላ ልትጨምርበት ትችላለች። ጤና ጣቢያ አስመርምሩትና ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ ንገሩ፣ ሌሎች ወላጆችም ይጠነቀቃሉ።

ደብተሩና ቴሌግራሙ

ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተር በየቀኑ ይመጣል፣ ብዙዎቻችን ፈርመን እንመልሳለን። ፊርማ ብቻ ምንም አይናገርም። ሚስ "በሰላም ውሏል" ብላ ከጻፈች፣ እናንተ ሁለት መስመር ጨምሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ማታ ስለ አዲሱ መዝሙር ሲያወራ አመሸ። ከቤዛ ጋር መቀመጥ እንደሚፈልግ ነገረን። ዛሬ ትንሽ ጉንፋን አለው።" እንዲህ የተጻፈለት ሰው ዝም ብሎ "በሰላም ውሏል" ማለት ይከብደዋል፣ ቀስ እያለ እሷም መጻፍ ትጀምራለች። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅም ታላቅ ልጁን አስጽፎ መላክ ይችላል፣ ወይም በቴሌግራም ድምፁን ቀድቶ ይላክላት። በኦሮምኛም በሶማልኛም ቢሆን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አይጠፋም።

የቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነገር ነው፣ ለማስታወቂያ። ነገ ዝግ ነው፣ ክፍያ ደርሷል፣ የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነው። የአንድን ልጅ ጉዳይ ግን እዚያ አታንሱ። "ልጄን የነከሰው ልጅ ማን ነው?" ተብሎ ሃምሳ ወላጅ ፊት ከተጻፈ የነካሹም እናት እዚያው አለች፣ ሚስም እዚያው አለች፣ ከዚያ በኋላ በሰላም የሚያወራ የለም። ለብቻዋ ጻፉላት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም አትደውሉ፣ የድንገት ጉዳይ ካልሆነ በቀር፤ እሷም ልጆች አሏት። የልጃችሁ ፎቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁም ገና ሲጀመር በግልጽ ተናገሩ።

ልጁን እንዴት እንጠይቀው

"ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ "ምንም" ነው። ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው። ከሚስ አንድ ትንሽ ነገር ተቀበሉና በእሱ ግቡ። "ዛሬ ሚስ ባቡር አሠራቻችሁ አሉ፣ አንተ ፊት ነበርክ ኋላ?" ብትሉት ስለ ባቡሩ፣ ስለገፋው ልጅ፣ ስለወደቀው ወንበር ሁሉ ያወራችኋል። ገና ከበር ሲገባ ግን አትጠይቁት። ፊቱን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ በልቶ፣ የቀትሩ ሙቀት አልፎ ሲነቃ ነው ወሬ የሚመጣው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቅሶ በተመለከተ ከሚስ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ተስማሙ። ተደብቆ መሄድ አይጠቅምም፣ ልጁ ዞር ሲል እናቱን ካጣ ነገ ከእጇ አይላቀቅም። በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማባበልም ያባብስበታል። ሳሙት፣ "ስትለቀቁ እመጣለሁ" በሉት፣ ሚስ እጁን ትያዝ፣ ሂዱ። ከዚያ ሚስን "ዝም ሲል አንዲት መልእክት ላኪልኝ" በሏት። አብዛኛው ልጅ እናቱ መንገዱን ሳትሻገር ዝም ይላል፣ እናት ግን ካልተነገራት ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ የዋለ ይመስላታል።

ቅሬታ ሲኖር

ልጃችሁ "ሚስ መታችኝ" ብሎ ቢመጣ ነገሩን አቅልላችሁ አትዩት፣ ወዲያው ጮኻችሁም አትሂዱ። መጀመሪያ ልጁን ቀስ ብላችሁ ስሙት፦ የት፣ ምን ስታደርጉ፣ ከዚያስ? "በማስመሪያ ነው አይደል?" እያላችሁ ቃል አታጉርሱት። በማግሥቱ ልጁ በሌለበት ሚስን አግኝታችሁ "እንዲህ ብሎኛል፣ ምን ነበር የሆነው?" በሏት። አንዳንዴ ሌላ ልጅ ነው የመታው፣ አንዳንዴ ከመንገድ ስትጎትተው ነው። አንዳንዴ ግን እውነት ነው። እውነት ከሆነ "ልጅ እኮ ካልተቆነጠጠ አይሆንም" የሚለውን መልስ አትቀበሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ አስቀምጧል። ይኼን በትህትና ግን ሳትወላውሉ ንገሯት። ከእሷ ጋር ካልተፈታ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ ወላጅ ኮሚቴው፣ ካልሆነም ወደ ትምህርት ቢሮ ይኬዳል። ሲደጋገም ቀኑንና የተባላችሁትን ጽፋችሁ ያዙ።

ደረጃውን ዘልላችሁ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ አትግቡ፣ የደኅንነት ነገር ካልሆነ በቀር። ሚስ ከጀርባዋ እንደተከሰሰች ካወቀች ከዚያ ወዲያ የምታወራችሁ የሚጠበቅባትን ብቻ ነው።

ካርድ መውሰጃ ቀን ላይ ደግሞ "ስንተኛ ወጣ?" የሚለውን ተዉት። ኬጂ ውስጥ ደረጃ ማለት ምንም ማለት አይደለም። እኛ የቤት ሥራ በብዛት ካልተሰጠ ትምህርት ቤቱ አይረባም ስለምንል ነው ሚስም የአራት ዓመት ልጅ ሦስት ገጽ "ሀ" እንዲጽፍ የምታደርገው። ይልቅ እነዚህን ጠይቋት፦ ከማን ጋር ይጫወታል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? እርዳታ ሲፈልግ ይጠይቃል? ቤት ላይ ምን ብናደርግ ያግዝሻል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷን እዩት። ስብሰባውን ከሰዓት ካደረጉት አባቶች እንደማይመጡ ታውቃላችሁ፣ ሙቀቱም አለ በርጫውም አለ፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ኮሚቴውን ጠይቁ።

ሰኔ ላይ አንድ ሥራ ይቀራል። ልጁ ከኬጂ አንድ ወደ ሁለት ሲያልፍ ሚስ ትቀየራለች፣ ያ ሁሉ የምታውቀው ነገርም አብሯት ይቀራል። ስለዚህ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት የድሮዋን ሚስ "ለአዲሷ ምን ትነግሪያታለሽ?" ብላችሁ ጠይቋት፣ የምትለውን በመስከረሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አገናኟቸው። ክረምት ከገባ በኋላ ብዙዎቹ መምህራን ወደየቤተሰባቸው ስለሚሄዱ ማግኘት ያስቸግራል፣ በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት ጨርሱት።